የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ሎጅ፦ እንግዳው የሚከፍለው ለምንድን ነው?

በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውን የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ሎጅና ከእርሱ ጋር የሚቀርበውን የእግር ጉዞ አገልግሎት ሊጎበኙ ለሚያስቡ ሰዎች ይህን ግምገማ ጽፌያለሁ። ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ በአገራችን ካረፍሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የከፈልሁት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ቁልጭ ብሎ የታየኝ እዚህ ነው። በጓሳ እንግዳው የሚከፍለው ለአልጋው ብቻ አይደለም። የአካባቢው ገበሬ ሊያጭደው ሲችል ላላጨደው ሣር፣ ከብቱን ሊለቅበት ሲችል ላልለቀቀበት ሜዳ ጭምር ነው የሚከፍለው። እኛ ከከተማ የሄድነው ሰዎች በዚያ ሰፊ ምድር ላይ እንደ ልባችን የምንራመደው የምድሩ ባለቤቶች በራሳቸው ላይ ገደብ ስላበጁ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን ስመዝን ክፍሉንና ወጥ ቤቱን ብቻ ሳይሆን፣ የእንግዳው ነፃነትና የባለቤቶቹ ድካም እንዴት እንደተገናኙም መመዘን ግድ ይለኛል።

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው። ስሙን የወሰደው በላዩ ከሚበቅለው ጠንካራና ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ ይሠራል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ጠዋት ጠዋት የሚታየው የጉም ባሕር ነው። ከዚህ ከፍታ የሚመነጨው ውኃ በአንድ ወገን ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወገን በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከፍታው ላይ ያለው ሣር ቢራቆት ጉዳቱ የሚሰማው በመንዝ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሎጁ ቀላል ነው፤ ይህንንም የምለው በበጎ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ አልጋው አልጋ ነው፣ ብርድ ልብሱ ብርድ ልብስ ነው። ምግብ ቤት የለውም። እንግዳው ስንቁን ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ይዞ ሄዶ በጋራው ወጥ ቤት ያበስላል። ድንኳን ይዞ የመጣም በተፈቀደው ቦታ ላይ ይተክላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል፣ ከተማ ውስጥ ወፍራም የሚባለው ጃኬት እዚያ ብቻውን አይበቃም። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባና ወይም ዝተት ካገኛችሁ ከማንኛውም የውጭ አገር የመኝታ ከረጢት የማያንስ ሙቀት ይሰጣል፤ ከአካባቢው ሸማኔ መግዛት ደግሞ ገንዘቡን እዚያው ያስቀረዋል።

ስለ እሳቱ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እንግዳው ሳያስበው ጉዳት የሚያደርስበት የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ዛፍ ብዙ የለም። የአካባቢው ሰው የሚያነድደው በአብዛኛው ኩበት፣ ከየቤቱ አጠገብ የተከለውን ባሕር ዛፍና ጨረንፌ የሚባለውን ቢጫ አበባ ያለውን ቁጥቋጦ ነው። ጨረንፌ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው፤ በሥሩ አይጡም ወፉም ይጠለላል። ብርድ ያስጨነቀው እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ እሳት እንዲነድለት ሲጠይቅ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ማገዶ መሆኑን እንጂ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። እኔ የምመክረው ማገዶ ከመግዛታችሁ በፊት ባሕር ዛፍ መሆኑን እንድትጠይቁ፣ ከእራት በኋላም እሳቱ ሲከስም ተጨማሪ ሳትጠይቁ ብርድ ልብሳችሁን ደርባችሁ እንድትተኙ ነው። ይህ ከምቾታችን የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ለሜዳው ግን የእያንዳንዱ እንግዳ ጥቂት ተደምሮ ብዙ ይሆናል።

የአገልግሎቱ ልብ የእግር ጉዞው ነው። እንግዳው የመግቢያውን ክፍያ ከፈጸመ በኋላ ከማኅበረሰቡ የተመደበ ጥበቃ፣ በተለምዶ ስካውት የሚባለው፣ አብሮት ይወጣል። በብዙ ጥብቅ ሥፍራዎች ስካውቱ እንግዳውን የሚከተል ዘበኛ ሆኖ ይታያል። ጓሳ ላይ ግን እኔን ይዘው የወጡት ጎልማሳ ሜዳውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ነበሩ። ሣሩን በእጃቸው ዳስሰው ሜዳው ከአጨዳ ስንት ክረምት እንደተዘጋ ይገምታሉ፤ የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን ከበግ ዱካ፣ የቀበሮን ዓይነ ምድር ከውሻ ይለያሉ። የት መሄድ እንደምፈልግ ጠየቁኝ እንጂ የት መሄድ እንዳለብኝ አላዘዙኝም። አፋፉን ይዤ ለመሄድ ስፈልግ በአፋፉ ሄድን፤ ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክል የበዛበትን ረግረግ ለማየት ስፈልግም ወደዚያ ተመለስን። ያገዱኝ ከጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ያገዱኝም ምክንያቱን በመናገር ነው። አንዱ ሣሩ ገና ያልጠና ተዳፋት ነበር፤ ሌላው ቀበሮ ግልገሎቿን ያሳደገችበት ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ክልከላውን እንደ ንቀት አይወስደውም። ሌሎች ጥብቅ ሥፍራዎቻችን ከጓሳ ሊማሩት ይገባል የምለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

በማለዳ ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ካሳለፉበት ገደል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዱር የማይገኝ፣ ምግቡ በአብዛኛው ሣር የሆነ ዝንጀሮ ነው። ከመንጋው ጥቂት ራቅ ብለን በተቀመጥንበት ሥፍራ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የሣር መነጨት ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጣቶች በአንድ ጊዜ ቀጭን ሣር ሲነጩ የሚሰማው ድምፅ ከነፋሱ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። አውራ ወንዶቹ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ለፀሐይ ሰጥተው፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ ሳይነሡ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ገባች። አረማመዷ ዝግ ያለ ነበር፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትሮጥ፣ ወዲያና ወዲህ ሳትቅበዘበዝ በመንጋው መካከል አለፈች። ልጇን የታቀፈች ጭላዳ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ቀበሮዋ ቆመች፣ ጆሮዋን አቀናች፣ ዘልላ አፍንጫዋን ሣሩ ውስጥ ቀበረች፤ ቀና ስትል አይጥ በአፏ ነበረች።

ይህን ትዕይንት ተመራማሪዎች በዚያው በጓሳ ለዓመታት ተከታትለውት እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ቀበሮዎቹ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆነው ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 ከመቶው ሲሳካላቸው፣ ብቻቸውን ሲያድኑ የሚሳካላቸው 25 ከመቶው ብቻ እንደሆነ ጥናቱ ያሳያል። ቀበሮዎቹ የጭላዳን ግልገል ለመንጠቅ ይቀላቸው ነበር፤ ነገር ግን አይነኩም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ነጥቆ ሲገኝ መንጋው ተረባርቦ አስጥሎታል፤ ከዚያም በኋላ ወደ መካከሉ እንዳይመለስ አባርሮታል። ስካውቱ ጥናቱን በቁጥር ባያውቁትም ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። “እነርሱ ተማምነዋል፤ እኛ ገብተን እንዳናበላሸው ነው” አሉኝ፤ እጃቸውንም ዘርግተው ዝቅ እንድል ምልክት ሰጡኝ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ቁጥር ከ500 እንደማይበልጥ ለሚያውቅ ሰው፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ከባድ ነገር አይደለም።

ይህ ሜዳ እንዲህ ሆኖ የቆየው እንዲያው በዕድል አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የሚባሉት የአቅኚ አባቶች ወገኖች ጓሳን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። በቀሮ ሜዳው ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለአጨዳም ለግጦሽም ይዘጋ ነበር። በየወገኑ የተመረጠ አለቃ አለ፤ ሣሩ መድረሱን ሽማግሌዎች ያያሉ፤ መድረሱ ሲታመንበት የመክፈቻው ቀን ለሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ጊዜውም በጋው የጠናበት፣ ሰውም ከብትም ሣር የሚፈልግበት ወቅት ነው። በዚያ ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ከብቱ ወጥቶ ሜዳው እንደገና ይዘጋል። እስኪ አስቡት፤ የቤቱ ክዳን የሚያፈስስበት ሰው፣ በደጁ የወገብ ያህል የቆመ ሣር እያየ፣ የጎረቤቱም ክዳን እኩል እንደሚያፈስስ ስለሚያውቅ ማጭዱን አያነሣም። እንዲህ ያለውን መታቀብ ያጸናው ከሩቅ የመጣ ትእዛዝ አልነበረም፤ የሚተያዩ ሰዎች እርስ በርስ የገቡት ቃል ነበር።

ቀሮን ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ግን ለእውነቱ ታማኝ መሆን አይደለም። የመጠቀም መብቱ በርስት ሐረግ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ከአቅኚ አባቶች መወለዱን መቁጠር ያልቻለ ሰው ድካሙ እኩል ሆኖ ሳለ ድርሻ አልነበረውም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ መሠረት ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣኑ ወደቀ። ከዚህ በፊት የተከለከሉት ሰዎች ወደ ሜዳው መግባታቸው ፍትሐዊ ነበር። የጎደለው ሁሉም ሲገባ ማን እንደሚያቆመው የሚወስን አካል ነበር፤ በዚያ ዘመን ሣሩ ብዙ ተጎድቷል። ሜዳውን ያተረፈው በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት ተሰብስበው የጥበቃ ኮሚቴ ማቋቋማቸው ነው። ኮሚቴው የዘር ሐረግን ትቶ በአካባቢው የሚኖረውን ሁሉ ባለድርሻ አደረገ፤ የመዝጋትና የመክፈት ልማዱን ግን ከቀሮ ወሰደ። ዛሬ ጓሳ በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ሽግግር ነው፤ ገደቡን ለማቆየት ሲሉ ፍትሕን አልገፉም፣ ፍትሕን ለማምጣት ሲሉም ገደቡን ለዘለቄታው አልተዉም።

አሁን ወደ እንግዶቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም የአገልግሎቱ ጥንካሬም ፈተናውም የሚታየው በእንግዳው ላይ ነው። እኔ በነበርሁበት ጊዜ አንድ ቤተሰብ በራሱ መኪና ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ውሻ ነበራቸው። የቤቱ አባወራ ውሻውን ለማንሸራሸር በሩን ሲከፍት ስካውቱ ቀረቡና በአክብሮት አቆሙት። ሰውየው አልተቆጣም፤ ነገር ግን ተከራከረ። “አባቴ፣ ይህ ውሻ ክትባቱን በሙሉ ወስዷል፤ ወረቀቱን ላሳይዎት እችላለሁ። እኔ ደግሞ ከፍዬ ነው የገባሁት፤ በገመድ ይዤው ብሄድ ማንን እጎዳለሁ?” አላቸው። ክርክሩ የክፉ ሰው ክርክር አልነበረም፤ ብዙዎቻችን በእርሱ ቦታ ብንሆን እንደዚያው እንል ነበር።

ስካውቱ “ወንድሜ፣ ወረቀትህን አምናለሁ። እኔም ውሻ አለኝ፤ ሌሊት በጎቼን የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ግን ወደዚህ ስመጣ ቤት አስሬው ነው የምመጣው። ያንተን ባስገባ ነገ የጎረቤቴን በምን አፌ እከለክላለሁ?” አሉት። ሰውየው ዝም አለ፤ ባለቤቱም “እውነታቸውን ነው” ብላ ውሻውን ወደ መኪናው መለሰችው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ እየተፈራረቁ አንዱ ከውሻው ጋር ሲቆይ ሌላው ከልጆቹ ጋር በእግር ወጣ።

የስካውቱን ቃል ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ከበሽታው አንጻር ብቻ እንኳ ትክክል ነበሩ። ቀይ ቀበሮን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋናዎቹ ከቤት ውሾች የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ገድሏል። በጓሳ ያሉት ቀበሮዎች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ አንድ ወረርሽኝ ከገባ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ነገር ግን የስካውቱ መልስ ስለ በሽታ አልነበረም። ለጎረቤቱ የተከለከለው ለእንግዳው ከተፈቀደ ሕጉ ሕግ መሆኑ እንደሚቀር ነው የነገሩት። የክትባት ወረቀት ያለው ሰው ጉዳቱ ከእርሱ ውሻ እንደማይመጣ ማስረዳት ይችል ይሆናል፤ ወረቀት የሌለው እረኛ ግን የሚያየው ገንዘብ ያለው ሰው ውሻውን ይዞ ሲገባ ነው። ገደቡ የሚፈርሰው ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉም እንግዳ እንደዚያ ቤተሰብ የሚመለስ አይደለም። በሌላ ጊዜ፣ ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ይዞን ሲሄድ ሾፌሩ ደንበኞቹ ጭላዳዎቹን ከቅርብ ፎቶ እንዲያነሡ ብሎ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሣሩ ላይ ነዳው። መሬቱ ጤዛ ጠጥቶ ስለነበር ጎማው ከኋላው ሁለት ጥቁር መስመር ጥሎ ሄደ፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ የተቀደደ ሣር ቶሎ አይድንም፤ ክረምት ሲመጣም ውኃው ያንኑ መስመር ይዞ ይሸረሽራል። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር ማለት ይቻላል፤ ፎቶውም ያማረ ነበር። ሾፌሩ ያደረገው ደንበኛው የሚፈልገውን ነው፤ የድርጅቱ ኃላፊነት ግን ደንበኛው የሚፈልገውን ብቻ ሳይሆን ደንበኛው የማያውቀውንም ማወቅ ነበር። ወደ ጓሳ ከአስጎብኚ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት መኪናው ከመንገድ እንደማይወጣ ቃል ተቀበሉ።

ሙዚቃና ድሮንም እንዲሁ ናቸው። ማታ ማታ ከድንኳን የሚወጣ የስፒከር ድምፅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሚገመተው በላይ ይርቃል፤ ከገደሉ ላይ ያደሩትን ጭላዳዎች ብቻ ሳይሆን ለዚያ ጸጥታ ሲል ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘውን ሌላውን እንግዳም ይረብሻል። ድሮን በመንጋ ላይ ሲያንዣብብ ጭላዳዎቹ ንሥር የመጣባቸው ያህል እየጮሁ ወደ ገደሉ ይሮጣሉ፤ የጠዋት ግጦሻቸው ያኔ ያበቃል፤ በመካከላቸው ሲያድን የነበረውም ቀበሮ አብሮ ይከስራል። ምግብ መስጠትም የደግነት መልክ ቢኖረውም ጉዳት ነው፤ ዛሬ ከእጃችን ብስኩት የለመደ ጭላዳ ነገ የሚሄደው ወደ ገበሬው ገብስ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ለሰብሉ ሲል ወንጭፍ ያነሣል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትና የዜጎች እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ አንቀጾች በመጽሐፉ ውስጥ ተራርቀው የተጻፉ ናቸው፤ በብዙዎቻችን አእምሮም እንዲሁ ተራርቀዋል። መብቱን ስናነብ ራሳችንን እናስባለን፤ ግዴታውን ስናነብ መንግሥትን እናስባለን። የጓሳ ሰው ግን ሁለቱን ለይቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ውኃውን የሚጠጣበት ምንጭና የማያጭደው ሣር በአንድ ተዳፋት ላይ ናቸው።

ከሎጁ ብዙም ሳይርቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ስለዚህ ነገር አጫውተውኛል። ቤታቸው ግማሹ በጓሳ ሣር፣ ግማሹ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ሜዳው የተዘጋበት ዓመት ለእርሳቸው ቀላል እንዳልሆነ አልደበቁኝም። በሬ የላቸውም፤ ቀበሮ ምግቡ አይጥ ቢሆንም አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ይነጥቃል፤ ክዳኑ ሲያረጅ የሚጠግኑበት ሣር መግዛት አለባቸው። “ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋ እንጂ መዘጋቱን አልጠላውም፤ የሚከፋኝ በሌሊት ገብቶ የሚያጭደው ነው። ልጄ፣ እናንተ ስትመጡ የሚገባው ብር ለኛም ይድረሰን” አሉኝ። ይህን ንግግር በግምገማዬ ውስጥ ያስገባሁት የአገልግሎቱ ትክክለኛ መለኪያ ይህ ስለሆነ ነው። የእንግዳው ክፍያ በማኅበረሰቡ እጅ ገብቶ ለጥበቃው ሰዎች ደመወዝና ለአካባቢው ጥቅም እንዲውል የታሰበ ነው፤ አሳቡም ትክክል ነው። እኔ የምመኘው ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነና ለማን እንደደረሰ በየዓመቱ በሎጁ ግድግዳ ላይ በግልጽ ተጽፎ እንግዳውም ባለአገሩም እኩል እንዲያነብበው ነው። የከፈለ እንግዳ ገንዘቡ አንዲትን እናት ለመታቀቧ እንደካሰ ሲያይ፣ ስፒከሩን ለማጥፋት ሌላ ልመና አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ።

ክፍያው በራሱ ከፍ ያለ አይደለም። እንዲያውም ለውጭ አገር ሰውም ሆነ ከውጭ አገር ለሚመጣ ወገናችን ከፍ ቢል አይከፋኝም፤ ለተማሪዎች ግን እንዲሁ ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ በተለይ ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች በነፃ ቢሆን ይሻላል። የመንዝ ልጅ ቀይ ቀበሮን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ ማደጉ ያሳዝናል።

ለማን ይመቻል? በእግሩ ሊሄድ ለሚወድ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ለማያስከፋው፣ ልጆቹን ከስልክ ጥቂት ሊያርቅ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሙቅ ውኃና የተዘጋጀ ቁርስ የግድ ለሚለው እንግዳ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያሉት ሆቴሎች ይስማሙታል፤ በዚያም አድሮ ማለዳ ለመውጣት መሞከር ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ የጭላዳዎቹን ጠዋት ያሳጣዋል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከፍታውን አቅልሎ አይመልከተው። ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ባትሪ፣ የሕፃናት ዳይፐር የመሳሰለውን ሁሉ ይዛችሁት እንደመጣችሁ ይዛችሁት ተመለሱ፤ እዚያ የሚቀበር ቆሻሻ በውሾችና በቁራዎች ተቆፍሮ ይወጣል።

እኔ የሄድሁት መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው፤ አሁን ለመሄድ የሚያስብ ሰው የአካባቢውን ሁኔታ ከሚያውቁ ሰዎች አጣርቶ ይነሣ፤ ለስካውቱም ለሾፌሩም ሕይወት ማሰብ የእንግዳው ግዴታ ነው። ስትደውሉ ሜዳው በዚያ ሰሞን ለአጨዳ ክፍት መሆኑን አብራችሁ ጠይቁ። ክፍት ከሆነ መንገዱ ሣር በጫኑ አህዮችና ሸክም ባዘሉ ሰዎች ይሞላል። መኪናችሁን ጥግ አስይዙና ጥሩንባ ሳትነፉ አሳልፏቸው፤ ያን ሣር ለማጨድ ለዓመታት ጠብቀዋልና።